ከድቦች አገር የተገኘ ትምህርት

ድብ በአገራችን የለም። በልጅነታችን ስለ ድብ የምናውቀው ቢኖር፣ ብላቴናው ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ ከአንበሳና ከድብ አፍ በግ እንዳስጣለ የኔታ ሲተርኩልን የሰማነው ብቻ ነበር። ኋላም መምህር ሆኜ ሕፃናት «ጋሼ፣ ድብ ምን ይመስላል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ በመጽሐፍ ከታተመ ሥዕል በቀር የማሳያቸው አልነበረኝም። ስለዚህ በአሜሪካ አገር በዴንቨር ከተማ የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት «ጋሼ፣ መጥተው ልጆቼን ይመርቁልኝ» ብላ በጠራችኝ ጊዜ፣ «ከከተማው ፎቅ ይልቅ ድብ የሚኖርበትን ዱር ብታሳዪኝ እወዳለሁ» አልኋት። እርስዋም ሥቃ ተስማማች። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

እኛ ክረምት የምንለው ወር በዚያ አገር በጋ ነው። ከዴንቨር በማለዳ ተነሥተን ወደ ሰሜን ምዕራብ አቀናን። ባልዋ መኪናውን ይነዳል፤ እርስዋ ከጎኑ ተቀምጣለች፤ እኔም ከሁለቱ ልጆች ጋር ከኋላ ሆንሁ። ላራሚንና ራውሊንስን ካለፍን በኋላ የዋዮሚንግ ሜዳ ተዘረጋ፤ ቤት የራቀበት፣ ዛፍ የጠፋበት፣ ነፋስ ብቻ የሚመላለስበት አገር ነው። ላንደር ከምትባል ከተማ ደርሰን ምሳ በላን። በተለይም እኅቴ ከአዲስ አበባ ያስያዘችኝ ዳቦ ቆሎ በመንገድ ብዙ ረዳን። ይህን ዳቦ ቆሎ አንባቢ እንዳይረሳብኝ እለምናለሁ፤ ኋላ የሚያሳፍረኝ እርሱ ነውና።

ወደ ማታ ግድም፣ በረዶ ገና ያልለቀቃቸው የቴተን ተራሮች ታዩ። ከሥራቸው ያለው ምድር ግራንድ ቴተን ብሔራዊ ፓርክ ይባላል። በዚያ ስናልፍ የእኅቴ ልጅ ባል መኪናውን ዝግ አድርጎ ስለ አንዲት ድብ አጫወተን። ድቢቱ ተመራማሪዎች በሰጧት ቁጥር 399 ትባል ነበር። የተወለደችው በ1996 ነው። ግልገሎችዋን ከመኪና መንገድ አቅራቢያ ታሳድግ ስለ ነበር ከየአገሩ የመጣ ሰው ይመለከታት ነበር። በ2020፣ በ24 ዓመትዋ፣ አራት ግልገሎች አስከትላ ከዋሻዋ ብትወጣ ዝናዋ በዓለም ተሰማ። ነገር ግን ከአራቱ አንዱ ከእናቱ ከተለየ በኋላ ወደ ሰው መኖሪያ እየቀረበ ምግብ መፈለግን በመልመዱ በ2022 ተገደለ። እናቲቱም በ2024 በኦክቶበር ወር፣ ከጃክሰን ከተማ በስተደቡብ፣ በመንገድ ላይ በመኪና ተመትታ ሞተች። ያን ጊዜ 28 ዓመትዋ ነበር።

ትልቁ ልጅ ይህን ሰምቶ «ማን ነው የገጫት?» ብሎ ጠየቀ። አባቱም «እንደ እኛ ያለ መንገደኛ ነው» ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ እስክናድር ድረስ መኪናው በዝግታ ሄደ።

በማግሥቱ በደቡቡ በር የሎውስቶን ገባን። የሎውስቶን በ1872 የተከለለ፣ በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የሚታወቅ ስፍራ ነው። ስፋቱ ወደ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስፍራው ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ ምክንያቱም ዩኔስኮ በ1978 የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ የሎውስቶን ሲሆን፣ ላሊበላና የስሜን ተራሮችም ከነዚያው ከ12ቱ መካከል ናቸው። ከምድሩ ፍል ውኃ እየተወረወረ ይወጣል፤ ጎሽ የመሰለው ባይሰን የሚሉት አውሬም በመንጋ ሆኖ መንገዱን ያቋርጣል። ታላቁ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,357 ሜትር ከፍ ብሎ የተኛ ነው። ይህም ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላልና ትንፋሽ አላጠረኝም፤ የማታውም ብርድ አላስደነገጠኝም።

ከሐይቁ አጠገብ ለመንገደኛ በተሰናዳ ስፍራ ድንኳን ተከልን። በዚያም አንድ የብረት ሣጥን ቆሞአል፤ መዝጊያው የሰው ጣት ገብቶ ካላነሣው አይከፈትም። ምግብም ሆነ የጥርስ ሳሙና፣ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ በሣጥኑ እንዲገባ በጽሑፍ ታዟል። እኔም ትእዛዙን አንብቤው ነበር። ነገር ግን ሌሎቹ እንጨት ሊገዙ በሄዱ ጊዜ የዳቦ ቆሎውን ከረጢት በጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። የቆየሁትም ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

ስመለስ አንዲት የፓርክ ጠባቂ፣ ሰፊ ባርኔጣዋን እንደ ደፋች፣ ከረጢቱን በእጅዋ ይዛ ቆማለች። «የማን ነው?» አለችኝ። «የእኔ ነው» አልሁ። የእኅቴ ልጅና ልጆችዋም በዚያው ሰዓት ደረሱ። እኔም ነገሩን በቀልድ ለማለፍ ፈልጌ «ጥቂት ደረቅ ዳቦ ነው፤ ድቡ ቢያገኘውም የኛ አገር ሰው እንግዳ ማብላት ይወዳል» አልኋት። እርስዋ ግን አልሣቀችም። «ጌታዬ፣ ድቡ ይህን ዛሬ ቢያገኝ ነገ ማታ ይመለሳል። ነገ ባያገኝ የሌላውን ሰው ድንኳን ይቀድዳል። ከዚያ በኋላ ድቡን የምንገድለው እኛ ነን፤ እርስዎ ግን ያን ጊዜ አገርዎ ገብተዋል» አለችኝ። ከረጢቱን ሰጥታኝም፣ በሣጥኑ አስገብቼ እስክዘጋ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ተማሪ ስገሥጽ የኖርሁ ሰው፣ በልጆቹ ፊት እንደ ተማሪ ቆሜ ተገሠጽሁ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ቶሎ አልወሰደኝም። በእኛ ዘንድ የመጣውን ሳያበሉ መሸኘት ነውር ነው፤ ማብላት ሊጎዳ ይችላል የሚል አሳብ በልቤ ገብቶ አያውቅም ነበር። ነገር ግን በማግሥቱ በፓርኩ ማስተማሪያ ቤት እየተዘዋወርሁ ባነበብሁ ጊዜ፣ የአገሩም ሰዎች ይህን ትምህርት የተማሩት ብዙ ከጠፋ በኋላ መሆኑን አስተዋልሁ።

ግሪዝሊ የሚባለው ይህ ትልቅ ድብ አስቀድሞ በምዕራብ አሜሪካ ከሜዳ እስከ ተራራ ሞልቶ ይኖር ነበር። አላስካን ሳይጨምር ቍጥሩ 50,000 ያህል እንደ ነበረ ይገመታል። ከብት አርቢዎችና አዳኞች ምድሩን እየያዙ በመጡ ጊዜ በጠመንጃ፣ በወጥመድና በመርዝ አጠፉት። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በ1911 ግሪዝሊን የሰንደቅ ዓላማው ምልክት አደረገ፤ በዚያው ክፍለ ግዛት የመጨረሻው ግሪዝሊ የተገደለው ደግሞ በ1922 ነው። ስለዚህ ድቡ ዛሬም በሰንደቁ ላይ ይታያል እንጂ በምድሩ የለም።

በየሎውስቶን ግን ጠመንጃ ተከልክሎ ስለ ነበር ድቦቹ ተረፉ፤ በዚያ የጎዳቸው የሰው ፍቅር ነው። የሆቴሎቹ ትርፍራፊ በሜዳ ይደፋ ነበርና ድቦች በየማታው ይሰበሰባሉ፤ ሰውም ይህን ለማየት ይመጣል። በ1930ዎቹ ዓመታት፣ ካንየን ከሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ ለተመልካች መቀመጫ ተሠርቶ የድቦች ራት እንደ ቴያትር ይታይ ነበር። ይህ በ1941 ቢቀርም ትርፍራፊው በሌሎች ስፍራዎች መጣሉን አላቋረጠም፤ በመንገድም ዳር መንገደኛው ከመኪናው መስኮት ዳቦ ይሰጥ ነበር። ብዙ ትውልድ የድብ ልጅ ከእናቱ ሥር መቆፈርን ሳይሆን ቆሻሻ መበርበርን ተማረ።

በ1959 ፍራንክና ጆን ክሬግሄድ የሚባሉ መንታ ወንድማማቾች ግሪዝሊን ለማጥናት ወደዚህ ስፍራ መጡ። ድቡን በመድኃኒት አስተኝተው ይመዝኑታል፤ ዕድሜውን ይመረምራሉ፤ በጆሮው ምልክት ያደርጋሉ። በ1961 ማሪያን ብለው በጠሯት ድብ አንገት ላይ ትንሽ ራዲዮ አሰሩ፤ የራዲዮውንም ድምፅ እየተከተሉ የት እንደምትውል፣ የት እንደምታድር አወቁ። በኋላም ድቦቹን እስከ ክረምት ዋሻቸው ድረስ ተከተሉ። ዛሬ በዓለም ሁሉ በአውሬ አንገት ላይ ራዲዮ እያሰሩ ማጥናት የተለመደ ነው፤ በትልልቅ አውሬ ላይ መንገዱን አስቀድመው ከጠረጉት መካከል እነዚህ ወንድማማቾች ናቸው።

በ1967 በኦገስት ወር፣ በሞንታና በሚገኘው ግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ፣ በአንድ ሌሊት በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች፣ ሁለት የ19 ዓመት ሴቶች ልጆች በሁለት ድቦች ተገደሉ። በሁለቱም ስፍራ ድቦች የሰው ትርፍራፊ መብላትን ለምደው ነበር። ከዚህ ኀዘን በኋላ መንግሥት በየፓርኮቹ ያለው የቆሻሻ ምግብ እንዲዘጋ ቈረጠ። በየሎውስቶን ግን በአዘጋጉ ላይ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ክሬግሄዶች «ቀስ በቀስ ይዘጋ፤ ድቦቹ በአንድ ጊዜ ቢራቡ ወደ ሰው ሰፈር ገብተው ያልቃሉ» አሉ። የፓርኩ ሹማምንት ደግሞ «ቢዘገይ ሌላ ትውልድ ግልገል ክፉ ልማድ ይማራል፤ ፈጥኖ ይዘጋ» አሉ። ሁለቱም ወገን ለድቡ የሚያስብ ነበር። በመጨረሻ የሹማምንቱ አሳብ ጸና፤ የክሬግሄዶችም የየሎውስቶን ጥናት በ1971 አበቃ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከቆሻሻ ሲበሉ የኖሩት ድቦች ተርበው ወደ ድንኳንና ወደ ከተማ መጡ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ተገደሉ። በ1975 በየሎውስቶንና በዙሪያው የቀሩት 136 ያህል ብቻ እንደ ነበሩ ይገመታል። በዚያው ዓመት ግሪዝሊ በአደጋ ላይ ካሉት አራዊት ጋር ተመዝግቦ በሕግ ተጠበቀ። በ1973 የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ተመራማሪዎች አንድ ቡድን አቁመው ነበርና፣ ይህ ቡድን ግልገል ያላቸውን እናቶች በየዓመቱ እየቈጠረ፣ የሞተውንም ድብ ሁሉ እየመረመረ ይመዘግብ ጀመር። የብረት ሣጥኖቹ፣ ድብ ሊከፍተው የማይችለው የቆሻሻ በርሜል፣ ከድብ 91 ሜትር መራቅን የሚያዝዘው ደንብ፣ ሁሉም ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥንቃቄ ክፍል ናቸው። አሁን በዚያ አውራጃ የሚገኙት ድቦች ወደ 1,000 ይጠጋሉ። ይህን ካነበብሁ በኋላ የጠባቂዋ ቍጣ ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን ገና ሳይነጋ ሄይደን ወደሚባለው ሸለቆ ሄድን። ክሬግሄዶች ድብ የቈጠሩበት ትልቁ የቆሻሻ ስፍራ፣ ትራውት ክሪክ፣ የነበረው በዚህ ሸለቆ ነው። ዛሬ ሣር ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ በሦስት እግር ላይ የቆመ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ለልጆቹ ሰጣቸው፤ ከእነርሱም በኋላ እኔ ተመለከትሁ። አንዲት እናት ድብ ከሁለት ግልገሎችዋ ጋር በሩቅ ቁልቁለት ላይ ነበረች። በትከሻዋ ላይ እንደ በሬ ሻኛ ያለ ጉብታ አላት፤ ይህም ለመቆፈር የሚያገለግል ጡንቻ ነው። የፀጉርዋ ጫፍ ሽበት የወጣበት ይመስላል፤ ግሪዝሊ የሚለውም ስም ይህን ያመለክታል። ምድሩን በጥፍርዋ እየገለበጠች ሥር ትበላ ነበር፤ ግልገሎቹም እርስዋ የቆፈረችውን እያሸተቱ ይቆፍሩ ነበር። እኛን አላየችንም፤ ብታየንም ከእኛ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም።

የዚህ አውሬ ኑሮ ያስደንቃል። በክረምት አምስት ወር ያህል በዋሻው ሲተኛ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይጸዳዳምም። እናቲቱ በጥርና በየካቲት ግድም በዚያው በጨለማ ትወልዳለች፤ ግልገሉ ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ግልገሎችዋንም ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከእርስዋ ጋር እያዞረች ታስተምራለች፤ እስከዚያ ድረስ ሌላ አትወልድም። ስለዚህ አንዲት እናት ድብ ብትሞት ቦታዋን የምትተካ ሌላ እስክትገኝ ድረስ ብዙ ዓመት ያልፋል።

ከዋሻው በፊት ግን መጥገብ አለባት፤ ዛሬ ተመራማሪዎችን የሚያሳስባቸውም ይህ ነው። በከፍታ ላይ የሚበቅል፣ ቅርፊቱ ነጣ ያለ ጥድ አለ፤ ፍሬው ቅባት የሞላበት ነውና ድብ ይወድደዋል። ይህ ዛፍ በሻጋታ በሽታና በነቀዝ እያለቀ ነው። ዱሮ ድቦች ከሐይቁ ወደ ጅረት የሚወጣውን ትራውት የሚባለውን ዓሣ ያጠምዱ ነበር፤ ያለ ፈቃድ ወደ ሐይቁ የተጨመረ ሌላ ዓይነት ዓሣ በ1994 ተገኘና ነባሩን ጨረሰው። አዲሱ ዓሣ ከጥልቁ ስለማይወጣ ለድብ አይበጅም። ይሁን እንጂ ድብ ብልኅ ነው፤ ከተራራ ጫፍ ወጥቶ ድንጋይ እየገለበጠ የእሳት ራት ይለቅማል። አንድ ድብ በቀን እስከ 40,000 የሚደርስ ሊበላ እንደሚችል ተገምቷል።

ከፓርኩ አጥር ውጪ ያለውን ገበሬ መርሳት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ድቦቹ ሲበዙ ወደ ዱሮ አገራቸው እየተመለሱ ነው፤ በዚያም ጥጃና የንብ ቀፎ ያገኛሉ። ድቡን ከሩቅ የሚያደንቅ የከተማ ሰው ጥጃ አይጠፋበትም። ስለዚህ በጥበቃው ሕግ ላይ ክርክሩ ረጅም ሆኗል፤ የየሎውስቶን ድቦች በ2007 ከጥበቃ ወጡ፣ በ2009 በፍርድ ቤት ተመለሱ፤ በ2017 ደግመው ወጡ፣ በ2018 ዳግመኛ ተመለሱ። በ2025 መጀመሪያም የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ጥበቃው እንዲቀጥል አሳብ አቀረበ። በሞንታና በብላክፉት ወንዝ ሸለቆ ግን ከብት አርቢዎቹ ራሳቸው ሌላ መንገድ ጀመሩ። ከ2003 ወዲህ የሞተውን ከብት ድብ ሳያሸትተው እያነሡ ወደ ሩቅ ስፍራ ይወስዱታል፤ ቀፎውንና የጥጃ ማሰሪያውንም የኤሌክትሪክ ሽቦ ያጥሩበታል። እነዚህም ሰዎች የሚያደርጉት የፓርኩ ጠባቂ ያዘዘችኝን ነው፤ ሽታ ያለውን ነገር ከድብ መንገድ ያርቃሉ።

በመጨረሻው ማታ ራት በልተን ወደ ድንኳን ልንገባ ስንል፣ ታናሹ ልጅ በእጄ መብራት አየና «ጋሼ፣ ሣጥኑን ዘጋኸው?» አለኝ። እናቱ ደንግጣ «ዘጉት በል እንጂ!» ብላ ተቈጣችው። እኔም «ተዪው ልጄ፤ አነጋገሩን ኋላ ያርመዋል፤ ጥያቄው ግን ትክክል ነው» አልኋት። ሄጄ መዝጊያውን ዳሰስሁ። ተዘግቶ ነበር። ልጁ ግን በቃሌ ስላላመነኝ ራሱ መጥቶ ሳበው።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እኔ ድብ ለማየት ሄጄ ይህን ተምሬ ተመለስሁ። መልካም ልብ ብቻውን አይበቃም፤ የሚወዱትን ፍጥረት ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በስሜን ወይም በሌላው የአገራችን ዱር የሚጓዝ ሰው ለጭላዳም ሆነ ለሌላ አውሬ ከስንቁ ቈርሶ ለመወርወር እጁን ሲዘረጋ፣ እርሱ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ አውሬው ምን ያገኘው ይሆን ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። ስንቁንም ወደ ከረጢቱ መልሶ አፉን ይሠር።